ያረጀ ዘብ፤ የተጎሳቆለ ውሻ በራያ ቆላ እንዴት እንደ ዳነ

ከወልድያ ተነሥቶ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ወደ ቆቦ የሚወርድ መንገደኛ በስተቀኙ የዞብልን ተራሮች፣ በስተግራው ደግሞ ወደ ላስታ ደጋ የሚያወጣውን ዳገት እያየ ይጓዛል። በሁለቱ መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በማሽላው ላይ ነው። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት ረጃጅም ዝርያዎች በመስከረም ወር ከሰው ቁመት አልፈው ሲቆሙ በውስጣቸው የሚያልፈው ሰው ቀርቶ በሬ እንኳ አይታይም። ነገር ግን መንገደኛው ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። ከአጥሩ ሥር ወይም ከማማው እግር አጠገብ ተጋድሞ የሚያንቀላፋ የሚመስል ውሻ አይጠፋም። እርሱ ባይኖር ኖሮ ከዚያ ማሽላ ብዙው ሳይታጨድ ባለቀ ነበር።

ይህን ያልነው ለማጋነን አይደለም። በቆላው ቀን ቀን ወፉን በወንጭፍ የሚያባርረው ሰው ነው፤ ማታ ግን ከርከሮውና ጃርቱ ወደ እርሻው ሲገቡ፣ ጅቡም ፍየል ፍለጋ ወደ በረቱ ሲጠጋ፣ ቀድሞ የሚሰማውና ቀድሞ የሚነሣው ውሻው ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ስለ ታማኝነቱ የተነገረ ነው፤ እኛ እንዳየነው ግን የራያ ውሻ ብዙ ጊዜ ሳይበላም ይጮኻል።

የውሻ ዕድሜ አጭር ነው። ትልቅ ውሻ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው እንደ ሽማግሌ ይቆጠራል። ጥርሱ አጥንት በመጋጥ ያልቃል፤ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ የኋላ እግሩም መገጣጠሚያ እየደረቀ ለመነሣት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክራል። የመንግሥት ሠራተኛ ዕድሜው ሲደርስ ጡረታ ይወጣል፤ ለውሻ ግን እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣ መሥሪያ ቤት መኖሩን እስከ ዛሬ አልሰማንም። መጮኽ ሲያቅተው አንድ ጎረምሳ ውሻ ይመጣና ሽማግሌው ከምግቡም ከጥላውም ይገፋል።

ይህን ስንል የቆላውን ገበሬ ለመክሰስ አይደለም። ስለ ውሻ ከመናገር በፊት ስለ ሰው መናገር ይገባል። ይህ ሜዳ ዝናቡ በወቅቱ ሲጥልለትና ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ተጠልፎ ወደ እርሻው ሲገባለት ጎተራ የሚሞላ አገር ነው። ዝናቡ የቀረ እንደ ሆነ ግን ምን እንደሚሆን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ታይቷል፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከቆቦ በስተሰሜን ያሉት አላማጣና ኮረም ስማቸው በዓለም ሁሉ የተሰማው በዚሁ መከራ ነው። ሰው ለልጁ የሚያጎርሰው ባጣበት ቤት ገብቶ «ለውሻህ ምን ሰጠኸው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ለሰውም ለውሻም ጥቂት ሊተርፍ ለሚችልበት ቀን ነው።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ቆቦ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደ ገና ተመለሰ። ሕዝቡ ቤቱን እየዘጋ ወጣ። ከብቱን መንዳት የቻለ ነዳ፤ ልጁን ያዘለ አዘለ፤ ውሻውን በገመድ እየጎተተ ለመሄድ ግን ጊዜም ልብም ያለው ሰው አልነበረም። ጉልበት ያለው ውሻ ጌታውን ተከትሎ ሄደ፤ ያረጀው እደጁ ላይ ቀረ።

ከእነዚህ ከቀሩት አንዱ መከታ ይባላል። ቤቱ ከቆቦ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ በማሽላ እርሻ መካከል ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ በነሐሴ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ደቡብ ሸሽተው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ተመለሱ። በሩ ተሰብሯል፤ ጎተራው ባዶ ነው፤ ውሻው ግን ትተውት በሄዱበት ደፍ ላይ ተኝቷል። ሦስት ወር ሙሉ ምን በልቶ እንደ ቆየ የሚያውቅ የለም። እኛ በዚያ ሰሞን ከአንድ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጓደኛችን ጋር ወደ ሰፈሩ ሄደን ነበርና ሁኔታውን በዓይናችን አየን። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቈጠራል። ከወገቡ እስከ ጅራቱ ጠጉሩ ረግፎ ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል መዥገር እንደ ባቄላ ተሰክቷል። ዱሮ ታስሮበት የነበረው ገመድ ቁራጭ አንገቱን በልቶ ቁስሉ ሸትቷል። ስንቀርበው አልጮኸም፤ ጅራቱን ብቻ ሁለት ጊዜ በአቧራው ላይ መታ።

እናቲቱ «ተዉት ልጆቼ፤ እሱ አብቅቷል» አሉን። ዝም ካሉ በኋላ ግን «አንድ ቤተሰብ ሙሉ ጥሎት ሲሄድ እሱ ቤቴን አልጣለም፤ ምን ልበለው?» አሉ። ጓደኛችን መልስ አልሰጠም፤ ሻንጣውን ከፈተ።

ወጣቶች አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፣ ባለሙያው አስቀድሞ ያደረገው ነገር ቢኖር እጁን መሰብሰብ ነበር። ብዙ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል የሚታየው አረፋ እየደፈቀ የሚሮጥ ውሻ ነው። በሽታው ግን ሌላም መልክ አለው፤ ውሻው ዝም ብሎ ይተኛል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ እግሩ ይሽባል። ርኅሩኅ ሰው «ጉሮሮውን አጥንት ወግቶት ይሆናል» ብሎ እጁን ወደ አፉ የሚሰደው እንዲህ ያለውን ውሻ ሲያይ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ራቅ ብሎ ቆሞ እናቲቱን ጠየቃቸው። ከተመለሱ ወዲህ ሰው ነክሷል ወይ? ጠባዩ ተለውጧል ወይ? ሌላ ውሻ ነክሶት ያውቃል ወይ? ከዚያም ጣሳ ውሃ በዱላ ጫፍ ገፍቶ አቀረበለት። ውሻው አንገቱን አነሣና ጠጣ፤ ያለ ችግርም ዋጠ። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ ስላልሆነ ጓንት አጥልቆ፣ አፉንም በፋሻ አላልቶ አሥሮ ነው የነካው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው ተሰብስቧል። በዚያ ጊዜ ለሰውም የሚበቃ መድኃኒት የለምና ነገሩ ለአንዳንዱ እንደ ቅብጠት ቢታየው አይደንቅም። አንድ ጎረምሳ «ይኼ የፈረንጅ ሥራ ነው» ብሎ ሳቀ። ከጎረቤት የመጡ አንድ የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ሽማግሌ ግን ውሻውን ሳይነኩ፣ በአህያ ካመጡት ጀሪካን ውሃ ቀንሰው በጣሳው ላይ ጨመሩና «የተጠማን ነፍስ ማጠጣት የማን ሥራ እንደ ሆነ አባትህን ጠይቀው» አሉት። ጎረምሳው ሳቁን አቋረጠ።

ሽማግሌው ያሉት በቂ ምክንያት ነበራቸው። በእስልምና ሐዲስ ውስጥ በውሃ ጥም ምላሱን አውጥቶ እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ ያገኘ አንድ ሰው ወደ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ሞልቶ እንዳጠጣውና በዚህም ኀጢአቱ እንደ ተሠረየለት ይነገራል። ውሻ ሲነካ መታጠብ የሚያዝ ሃይማኖት ውሻ ማጠጣትን ግን ከደግ ሥራ ቈጥሮታል ማለት ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም ዘንድ እመቤታችን ማርያም የተጠማውን ውሻ በወርቅ ጫማዋ ውሃ እንዳጠጣች ይተረካል፤ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይም ተሥሎ ይገኛል። ሁለቱም ታሪኮች ውሃው የተቀዳው በጫማ ነው ማለታቸው እኛን ሁልጊዜ ያስደንቀናል። ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ዘመድ ቤት ጎን ለጎን በሚኖሩበት በራያ፣ ውሃም በጀሪካን በሚመጣበት ቆላ፣ የዚህን ትርጓሜ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ውሻ መውደድን የውጭ አገር ልማድ የሚያደርግ ሰው ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ ያስታውስ፤ ምንም እንኳ ሉሉ ከርከሮ አባርሮ የማያውቅ የቤተ መንግሥት ሰው ቢሆን።

ወደ ሕክምናው እንመለስ። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው ከሁሉ ይበልጥ በማለክለክ ነው። ስለዚህ በቆላ ፀሓይ ውሃ ያጣ ውሻ ቶሎ ይጎዳል። ባለሙያው የትከሻውን ቆዳ ቆንጥጦ ሲለቀው ቆዳው ወደ ቦታው ሳይመለስ እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ፤ ይህ የውሃ ማነስ ምልክት ነው። ድዱም ቀይ መሆን ሲገባው ነጣ ብሏል። ውሃውን በአንድ ጊዜ እንዲጠጣ አልተወውም፤ ግማሽ ስኒ ይሰጠዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ሌላ ግማሽ ስኒ። ለተቅማጥ ለሕፃናት ከሚሰጠው የውሃና የጨው ንጥረ ነገርም በጥቂቱ ጨመረለት።

እናቲቱ በዚህ መካከል ወደ ጓዳ ገብተው ለራሳቸው ከጋገሩት የማሽላ ቂጣ አንዱን ሙሉ ይዘው ብቅ አሉ። ባለሙያው ተነሥቶ እጃቸውን ያዛቸው። «እናቴ፣ አሁን ይህን ቢበላ ይሞትቦታል።» እርሳቸው ተቆጡ፤ የተራበን ምግብ ይገድለዋል መባሉ እንደ ስድብ ተሰማቸው። ነገር ግን እውነቱ ይህ ነው። ለብዙ ጊዜ የተራበ ገላ ከራሱ ሥጋና ስብ እየበላ መኖርን ይለምዳል። ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባለት ሴሎቹ በደሙ ውስጥ የቀረውን ጥቂት ፎስፎረስና ፖታስየም በአንድ ጊዜ ስለሚስቡት ልብ መምታቱ ይዛባል፤ ሳንባም ይደክማል። ይህ በሰው ላይ በገሃድ የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በ1937 ዓ.ም. ከእሥር ካምፖች የወጡ ረኀብተኞች ጠግበው በበሉ ማግስት ሲሞቱ ነው። በዛሬው ጊዜ ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን መጀመሪያ ኃይሉ አነስተኛ የሆነ ወተት በትንሽ በትንሹ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። እናቲቱ በ1977 ዓ.ም. በመጠለያ ያዩትን አስታወሱና ቂጣውን ወደ ጓዳ መልሰው «አዎን፣ በኩባያ ነበር የሚሰፍሩልን» አሉ። ከዚያ በኋላ ከእርሳቸው ይበልጥ ስፍሩን የሚጠነቅቅ ሰው አልነበረም።

አመጋገቡ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጤነኛ ውሻ ከሚበላው ሩብ ያህል፣ እርሱንም በአምስት ወይም በስድስት ጊዜ ከፍሎ፤ ከዚያም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ በዐሥር ቀን ግድም ሙሉውን ማድረስ። ምግቡም ከገበያ የሚገዛ አይደለም። ቀጠን ያለ የማሽላ ገንፎ በአጥንት መረቅ ተሠርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ሲገኝ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ተፈርፍሮበት ይሰጠዋል። ወጥ ግን አይሰጠውም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ ደሙ ለነጣ ውሻ ይህ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ጥርሱ ላለቀ ሽማግሌ ጠንካራ አጥንት መወርወርም ውለታ አይደለም፤ በተለይ የተቀቀለ አጥንት ሲሰበር ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይወጋል። ወተት ቢበዛ ያስቀምጠዋል። አተላም አይበጀውም።

ስለ መዥገሩና ስለ እከኩ ብዙ የምንለው አለን፤ ምክንያቱም በአገራችን ውሻ ከበሽታው ይልቅ በመድኃኒቱ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ መዥገር የወረረው ውሻ ላምባ ይቀባል፤ እከክ ሲይዘው ከጋራዥ የተለመነ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይፈስበታል። ዘይቱ እከኩን ያፍነዋል ተብሎ ነው። ነገር ግን ውሻ ገላውን ይልሳልና መርዙን ይውጠዋል፤ በተሰነጠቀው ቆዳም ወደ ደሙ ይገባል፤ ጉበቱና ኵላሊቱ ይጎዳሉ። የደከመና ያረጀ ከሆነ በዚያው ይቀራል፤ ሰውም «እከኩ ገደለው» ይላል።

ለመዥገር የሚሻለው መሣሪያ በየቤቱ ያለው እሾህ ማውጫ ወረንጦ ነው። መዥገሩን ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ይዞ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። በጣት ማፍረጥ አይገባም፤ ደሙ ለሰውም በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ከመከታ ጆሮና እግር ከስድሳ በላይ ከነቀልን በኋላ መቍጠሩን ተውነው። መዥገር ደም ከመምጠጡ ሌላ የደም ሕዋስን የሚያጠቁ ጀርሞችን ያስተላልፋል፤ ድዱ የነጣ ውሻ ሲታይ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል። እከኩ ደግሞ በዓይን የማትታይ፣ ቆዳ ውስጥ ጎሬ ቆፍራ የምትኖር ነፍሳት ሥራ ናት። ለእርሷ አይቨርሜክቲን የሚባለው መድኃኒት ይሠራል፤ ነገር ግን በገበያ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ለከብት ተብሎ የተዘጋጀ ስለ ሆነ በሬ በሚወጋበት ስፍር ውሻን የሚወጋ ሰው ይገድለዋል፤ አንዳንድ የውሻ ዘሮችም በትንሹ እንኳ አይችሉትም። ስለዚህ ክብደቱን የሚለካና ስፍሩን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ይገባል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ያልሞተ እንቁላል በዚያን ጊዜ ተፈልፍሎ ይገኛልና። የተኛበት ጆንያ ተቀቅሎ በፀሓይ ይሰጣል። ነፍሳቷ ለጥቂት ጊዜ ሰውንም ልታሳክክ ስለምትችል እጅ በሳሙና መታጠብ ነው። የአንገቱን ቁስል በተመለከተ ገመዱ ተቈርጦ ወጣ፤ ቁስሉም ፈልቶ በቀዘቀዘ ጨው ባለበት ውሃ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ታጠበ። ይህን ሥራ የእናቲቱ ዐሥር ዓመት የሆናት የልጅ ልጅ ልታጥበው ስትጠይቅ ባለሙያው ከለከላት፤ አዋቂ ይሥራው፣ እርሷ ውሃ ታቅርብ አለ።

የሆድ ትል መድኃኒትም ተሰጠው። ይህን ለውሻው ብቻ የተደረገ የሚመስለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። በእርድ ቀን ጉበትና ሳንባ ሲከፈት ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኝና «ይኼ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉን ከዐይነ ምድሩ ጋር ይጥላል፤ እንቁላሉ በሣር ላይ ወደ በጉና ወደ ፍየሉ፣ ባልታጠበ እጅና በጎመን ደግሞ ወደ ሰው ሆድ ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ በመጨረሻም ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ለፋሲካም ለዒድም የሚያርድ ቤተሰብ ያንን የተበላሸ ጉበት ጠልቆ ቢቀብረው ወይም በደንብ ቀቅሎ ቢሰጠው ከአንድ ትልቅ በሽታ ይድናል። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ባለሙያውን አተኩረው አዩትና «ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁንም?» አሉ። ጥያቄው ለእርሱ ብቻ አልነበረም፤ እኛም ተማርን የምንለው ሁሉ የሚነካን ነው።

ያረጀ ውሻ ከወጣቱ የሚለይበት ሌላ ነገር አለ። ይታመማል፤ ሕመሙም በምግብ አይጠፋም። መገጣጠሚያው ለሚያሰቃየው ሽማግሌ ብዙ ሰው አዝኖ ከራሱ ኪኒን አካፍሎት ያውቃል። ይህ ግን አደገኛ ነው፤ ለሰው የሚታዘዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኵላሊቱንም ይጎዳሉ። ለመከታ የተደረገለት ቀላል ነገር ነበር። ከደፉ ድንጋይ ላይ አንሥተው ጭድ በተሞላ ጆንያ ላይ አስተኙት፤ ቀን ከግራሩ ጥላ፣ ሌሊት ከግድግዳው ሥር። ዓይኑ ስለ ደበዘዘ የውሃ ጣሳው ቦታ እንዳይለዋወጥ እናቲቱ በሦስት ድንጋይ አስቀመጡት፤ እንደ ጉልቻ መሆኑ ነው። ከኋላው የሚመጣ ሰውም አስቀድሞ ድምፁን እንዲያሰማ ለልጆቹ ተነገራቸው፤ የማያይ ውሻ የሚነክሰው ሲደነግጥ ነውና።

በአራተኛው ቀን ተነሥቶ እስከ አጥሩ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ጮኸ። እናቲቱ በማግስቱ ይህን ሲነግሩን እንደ ልጅ አፍ መፍታት አድርገው ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተቅማጥ ይዞት እንደ ገና ወድቆ ነበር፤ ከጎረቤት ድግስ ሰርቆ በልቶ ኖሯል። ምግቡ ለሁለት ቀን ወደ ቀጭኑ ገንፎ ተመለሰለትና ተሻለው። በጥር መጨረሻ ከወገቡ ላይ አዲስ ጠጉር ታየ፤ ግራጫ እንጂ እንደ ዱሮው ዳማ አልነበረም። ዓይኑ አልተመለሰም፤ የቀኝ የኋላ እግሩም እስከ መጨረሻው ያነክስ ነበር። የዳነው እንደ አሮጌ ውሻ ነው፤ ሌላ ነገር አልጠበቅንም።

ክትባቱን የተከተበው አቅሙ ከተመለሰ በኋላ ነው። ይህን ጉዳይ ለመጨረሻ ያቆየነው በየወረዳውና በየማዘጋጃ ቤቱ ለተመደባችሁ ወጣት ሠራተኞች በተለይ ስለሚመለከታችሁ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶው 99 የሚሆነውም በውሻ ንክሻ የሚመጣ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ንክሻ የደረሰበት ሰው ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ቢጀምር ይድናል። ይህ ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. አንድ የተነከሰ ፈረንሳዊ ልጅ ከተበበት ቀን ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። በአዲስ አበባም በ1895 ዓ.ም. በሽታው በውሾች መካከል በብርቱ ተነሥቶ እንደ ነበር ተጽፏል፤ እነሆ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላም ከእኛ ጋር አለ። የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለ ወዲያው ከመግደል አሥሮ ዐሥር ቀን መመልከት ይጠቅማል፤ በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው።

በአንዳንድ ከተሞቻችን የውሻ ነገር ሲነሣ የመጀመሪያው ሐሳብ ሥጋ መርዞ በሌሊት መበተን ነው። ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ ለዚህ ሥራ ሲውል ኖሯል። ጠዋት መንገዱ ሬሳ ይሞላል፤ ሪፖርትም ይጻፋል፤ ውሻውን የበላ ጥንብ አንሣም በዚያው ይሞታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ባዶውን ቦታ ከየአቅጣጫው የመጣ ያልተከተበ ውሻ ይሞላዋል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባል የለ? እዚህ ላይ ደግሞ የገባው ሌላ ውሻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው በየአካባቢው ካለው ውሻ ከመቶ 70 ያህሉን መከተብና ይህንኑ በየጊዜው ማደስ ነው፤ ይህ ሲሆን በሽታው የሚሻገርበት ያጣል። በሌላ አነጋገር፣ የተከተበ አሮጌ ውሻ በደጁ መኖሩ ራሱ አጥር ነው፤ እርሱን መግደል አጥሩን ማፍረስ ነው።

ነገሩ ከቆቦ ሜዳ አልፎ ወደ ላይም ይወጣል። በላስታ በኩል በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኘው ቀይ ቀበሮ አለ፤ በመላው ኢትዮጵያ ያሉት አዋቂዎቹ ከጥቂት መቶዎች አይበልጡም። በባሌ በ1983 እና በ1984 ዓ.ም. ከእረኞች ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ከእነርሱ ብዙውን ፈጅቷል፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ተነሥቷል። የእረኛን ውሻ የከተበ ሰው ሳያውቀው ቀይ ቀበሮንም ጠብቋል ማለት ነው።

መከታ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖረ። ሁለተኛውን የማሽላ ወራት እርሻው ዳር አልደረሰም፤ ከግራሩ ሥር ሆኖ ሲሰማ ይጮኻል፣ ልጆቹም በእርሱ ድምፅ ይነሣሉ። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት አንድ ጠዋት በጆንያው ላይ ሞቶ ተገኘ። እናቲቱ ወደ ገደል አላስጣሉትም፤ ከአጥሩ ውጭ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሩት፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ደረደሩበት።

ባለሙያው ጓደኛችን እንደ ነገረን፣ ከፋሲካ በኋላ እናቲቱ በነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ጠቅልለው ወደ ክሊኒኩ መጡ። ሁለት ወር ያልሞላው ዳማ ቡችላ ነው። ስም ገና አላወጡለትም ነበር። «ክትባቱ በስንት ወሩ ነው?» ብለው ጠየቁት። ሦስት ወር ሲሞላው መሆኑን ነገራቸው። በጣታቸው ቈጠሩና «እንግዲያው የዛሬ ወር ከአሥራ አምስት ቀን እመጣለሁ» ብለው፣ ቡችላውን መልሰው ጠቅልለው፣ ፀሓዩ ሳይበረታ ወደ ቤታቸው ሄዱ።